ልኩን የሚያውቅ መስኮት

ኖማላንጋ ዱቤ ቡላዋዮ በሚገኘው የብረት በርና መስኮት ወርክሾፓችን ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ንድፍ ስትሠራ በስሟ የጠራት ሰው አልነበረም። ሁላችንም በአባቷ ጎሳ ስም ማዱቤ እንላታለን። ጠረጴዛዋ ከመጋዘኑ በላይ ባለችው ባለመስታወት ክፍል ነው፤ እኔ ደግሞ ከሥሯ ቀለም ክፍል እሠራለሁ። ስለዚህ ስትስቅም ስትቆጣም መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነበርኩ። የምትቆጣው ግን ከስንት አንዴ ነው። ሲከፋት ዝም ብላ የተቆላ ኦቾሎኒ ትቆረጥማለች።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ብዙ ኦቾሎኒ አለቀ። የከተማችን አሮጌ ቤቶች የመስኮት ቀዳዳ አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤ እሷም ለእያንዳንዱ ከባዶ ነው የምትነድፈው። መብራት ረፋዱ ላይ ስለሚጠፋ ገና ጎህ ሲቀድ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች። እንዲያም ሆኖ ትእዛዙ ይከመርባት ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን ፊሪ ሊያግዛት አስቦ አንድ የድሮ ንድፍ ከፈተና እንደ ላስቲክ በጎን ሳበው። መስኮቱ ሰፋ፤ ሁሉም ነገር አብሮት ሰፋ። ክቡ የእጀታ ቀዳዳ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ፤ በብረት ዘንጎቹ መሐል ያለው ክፍተት ደግሞ ሕፃን የሚያሾልክ ሆነ። ቆራጮቹ ወረቀቱ እንዳዘዛቸው ቆረጡ፤ ስድስት መስኮት ተሠርቶ ካዘዘው ቤት ደረሰ። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አንዱን ከላይ እስከ ታች አዩትና ይህ ሌባ ለመከልከል ነው ወይስ ለማስገባት ብለው ጠየቁ። ስድስቱም በመጡበት መኪና ተመለሱ።

ፊሪ ጥፋቱን አልካደም። ማዱቤም አልወቀሰችውም። መስኮቶቹን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ሣጥን ገልብጣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና እኔን ጠራችኝ።

«ሱሪ ሲሰፋ ቁልፉም አብሮ ይሰፋል እንዴ?» አለችኝ።

አይሰፋም አልኳት። ለካ መልሴን አልፈለገችውም፤ ሐሳቧን ለራሷ እየሰማችው ነበር። ወርዱንና ቁመቱን ብቻ ስትነግረው ሌላውን ራሱ የሚያስተካክል አንድ መስኮት ኮምፒውተሩ ውስጥ ልትሠራ ቆርጣለች። አንዴ ከተሠራ ለመቶ ቤት ያገለግላል። እንዲህ ያለውን ነገር በንድፍ ሠሪዎች ቋንቋ ብሎክ ይሉታል። ትምህርት ቤት አይታው ነበር፤ አንድን ሥዕል ደጋግሞ ከመቅዳት አልፋ ግን ተጠቅማበት አታውቅም።

ችግሩ ፕሮግራሙ ሕግ መጠየቁ ነው። የቱ ይለጠጣል? የቱ ሳያድግ ቦታውን ብቻ ይለቃል? የቱ በቁጥር ይበዛል? ይህን የጻፈው ሰው የለም። ሕጉ ያለው ባባ ሲዚባ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁላችንም ባባ፣ አባታችን፣ የምንላቸው ሠላሳ ስምንት ዓመት የበየዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ለገና ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። የግድግዳ ቀዳዳ በዓይናቸው አይተው ስንት ዘንግ እንደሚፈልግ ይናገራሉ።

ማዱቤ ደብተሯን ይዛ ወደ ብየዳው ወረደች። ብሎክ ልትሠራ እንደሆነ ስትነግራቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና፣ «ብሎክማ ግንበኞቹ ጋ ሂጂ፤ እዚህ መስኮት ነው የምንሠራው» አሏት። በያጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀችና ነገሩን አስረዳቻቸው። ያኔ ፊታቸው ጠቆረ።

«ገባኝ። እኔን እዚያ ሣጥን ውስጥ ትከቱና ቀሪውን ገላዬን ለገና ወደ ቤቱ ትሸኙታላችሁ።»

«ባባ፣ እርስዎ ሲሄዱ እኔ ማንን ልጠይቅ ነው?» አለቻቸው።

መነጽራቸውን አወረዱና ብየዳቸውን ቀጠሉ። ሦስት ቀን ሰላምታዋን እንኳ በአገጫቸው ነበር የሚመልሱት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን በሕይወታቸው ወጥተውት የማያውቁትን ደረጃ እያለከለኩ ወጡ። እጃቸው ላይ ከመዳሰስ ብዛት የለሰለሰች አጭር የብረት ቁራጭ አለች። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጧት።

«በዘንግና በዘንግ መሐል ከዚህች የበለጠ ክፍተት አይኑር» አሉ። «ከበለጠ ዘንግ ጨምሪና ሁሉንም እኩል አካፍዪ።»

ለካቻት፤ ዐሥራ አንድ ሴንቲ ናት። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን በሜትር ሳይሆን በዚያች ቁራጭ ነው የሠሩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሻይ እረፍታቸውን የሚያሳልፉት እሷ ክፍል ሆነ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይነግሯታል፤ እሷ ትጽፋለች። ማጠፊያ አያድግም፤ ከማዕዘኑ አራት ጣት ርቆ ይቀመጣል፤ መስኮቱ ከረዘመ ሦስተኛ ይጨመራል። እጀታ መጠኑን አይለውጥም፣ የቁመቱን መሐል ግን አይለቅም። ብሎኩ መጀመሪያ የተሠራ ዕለት ወርዱን ስልሳ ሴንቲ ብላ ጻፈች፤ አምስት ዘንግ ቆመ። ዘጠና አለች፤ ስምንት ሆነ። መቶ አርባ ስትል ዐሥራ ሁለት ዘንግ ተሰለፈ። ባባ ሲዚባ ድገሚው አሉ። ደገመችው። እንደገና ድገሚው አሉ።

አርባ አምስት ስትጽፍ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና እጃቸውን ጨብጠው የስክሪኑ መስታወት ላይ አሳረፉ።

«ይህን እጀታ የሚይዘው የማን እጅ ነው?»

በጠባቡ መስኮት ላይ አንዱ ዘንግ ልክ እጀታው ፊት ተገትሯል፤ እጅ ገብቶ አይከፍተውም። ማዱቤ ልትስቅ ጀምራ አቆመች፤ እውነታቸውን ነው። እሱን ስታስተካክል ዘንጎቹ ከፍሬሙ ውጭ ዘለሉ፤ ዘንጎቹን ስትመልስ ማጠፊያው ተሰወረ። ሁለት ቀን ሙሉ ከላይ የኦቾሎኒ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወርዳ በያጆቹ መሐል ቆመችና አለቀ ብላ ብቻ ተመለሰች።

ወሬው ሳይበርድ ከገጠር የአንድ አሮጌ ክሊኒክ ትእዛዝ መጣ። የድንጋይ ቤት ነው፤ አርባ ስድስት መስኮት፣ ዝናብ ሳይገባ ማለቅ ያለበት። በፊት ቢሆን ንድፉ ብቻ ሁለት ወር ይፈጅ ነበር። ማዱቤ በሁለት ጠዋት፣ መብራቱ ሳይጠፋ ጨረሰችው። ቆራጮቹ ምን በደልንሽ፣ ትንሽ አታስተነፍሺንም እንዴ እያሉ አጉረመረሙባት።

ሲገጠም ለማየት ከጭነት መኪናው ጋር አብራ ሄደች፤ እኔም ለቀለሙ ሄጄ ነበር። አርባ አምስቱ ጓዳቸው እንደገቡ ሰዎች በየቦታቸው ተቀመጡ። አንዱ እምቢ አለ። ለካ ልኬት የወሰደው ሰው ወርዱን በቁመቱ ቦታ ጽፎታል። ማዱቤ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ላፕቶፗን ከፍታ ሁለቱን ቁጥሮች አቀያየረች። የክሊኒኩ ነርስ ያቀረበችልን የበቆሎ ገንፎ ሳይበርድ አዲሱ ንድፍ በኢሜይል ወርክሾፕ ደረሰ። የተረፈውን መስኮት ነርሷ ለዶሮ ቤቷ ለመነችን፤ ትተንላት መጣን።

ስንመለስ ባባ ሲዚባ የቆራጮቹን ወረቀት ይዘው በሩ ላይ ጠበቋት። ወረቀቱ ላይ «ሲዚባ፣ 90 በ120» ይላል። ስሜን ማን ነው እዚህ የጻፈው አሏት። ብሎክ ሁሉ ስም ያስፈልገዋል፣ እኔ ነኝ ያወጣሁለት አለቻቸው። ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉትና የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«እንግዲያው ስሜን ይዞ እንዳይጣመም ጠብቂው» አሉ።

ለገና ፍየል አርደን ሸኘናቸው። ዛሬ ማዱቤ በሩንም፣ የግቢ በሩንም፣ የደረጃ መደገፊያውንም እንዲሁ ሠርታለች፤ ከቆራጮቹ ሁለቱን አስተምራ ቀላሉን ትእዛዝ ለእነሱ ትታለች። ጠዋት ጎህ ሲቀድ መምጣቷም ቀርቷል፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ነው የምትገባው። ባባ ሲዚባ አልፎ አልፎ ከገጠር ይደውላሉ።

«ዛሬ ስንት በስንት ሆንኩ?» ይሏታል።

ትነግራቸዋለች። ሰፊ ከሆነ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ስለ ፍየሎቻቸው ማውራት ይጀምራሉ፤ የፍየሉ ወሬ ከመስኮቱ ይረዝማል፤ እሷም ስልኩን በትከሻዋ ይዛ እያዳመጠች ሥራዋን ትቀጥላለች።