የጎበጠው ጣሳ

በበጋ የቦንጋ ቆርቆሮ ጣሪያዎች በፀሐይ ግለው ጠቅ ጠቅ ሲሉ ስሰማ፣ አባቴ ይጠብቀው የነበረው ባዶ የማዕድን ካምፕ ትዝ ይለኛል።

ካምፑ ከቦንጋ ርቆ፣ ዛፍ በሌለበት በረሃማ ቆላ ውስጥ ነበር። ክረምት መንገዱ ስለሚዘጋ አባባን አናየውም ነበር፤ በጋ ላይ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ሲዘጋ ግን እማዬ ቆጮና ማር አስይዛ በጭነት መኪና ትልከኝ ነበር። ሠራተኞቹ ሥራው አያዋጣም ተብለው ድንገት ሲበተኑ፣ አልጋቸውን እንደተነጠፈ፣ ጣሳቸውን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ትተውት ሄደዋል። አባባ ክፍሎቹ ውስጥ እንዳልገባና ወደ ጉድጓዶቹ እንዳልጠጋ አጥብቆ ይከለክለኝ ነበር።

አንድ ቀን እሱ ቀትር ላይ ሲያሸልብ፣ ተደብቄ አንዱ ክፍል ገባሁ። ነፋስ የብረቱን በር ከኋላዬ ድርግም አደረገው፤ በውስጥ በኩል እጀታ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ «አስቱ! አስቱዬ!» የሚል ጥሪ ሰማሁ። እኔ ደግሞ መምህር ስም ሲጠራ እንኳ ድምፅ አውጥቼ «አቤት» ማለት የማልችል ልጅ ነበርኩ።

በመስኮቱ ወንፊት አሻግሬ ሳይ፣ አባባ አንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ወደ ታች ይጣራል። ቀጥሎ ተነሥቶ፣ ፀሐይ ያነተበውን አሮጌ ገመድ ከምሰሶ ጋር አስሮ፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። አፌን ከፈትኩ፤ ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር የለም። ጣሳውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ፣ እስኪጎብጥ ድረስ በሩን ቀጠቀጥኩት።

ባዶ እግሩን ሮጦ መጥቶ ከፈተልኝ።

«አፍ የለሽም?» ብሎ ጮኸብኝና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ፣ «እናትሽ ይህን ብትሰማ፣ ጉድጓድ የምትከተው እኔን ነው» አለ። ከዚያ ጣሳውን ከእጄ ወስዶ፣ የጎበጠውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቦታው መለሰው።

ዘንድሮ በበጋው አባባን ይዤው ሄድኩ። ካምፑ እንዳለ ታጥሮ ጎብኚ ይገባበታል፤ ጣሳውም እዚያው አለ፣ ጉብጠቱን ግን ወደ ሰው አዙረውታል። ወጣቱ አስጎብኚ «አንድ ሠራተኛ ከአለቃው ተጣልቶ በንዴት ግድግዳ ላይ የወረወረው ነው» ሲል ጎብኚዎቹ ፎቶ አነሡት።

«ምን አለ?» አለኝ አባባ። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ነገርኩት። ሳቁ አመለጠው።

«ንገሪው እንጂ! ዛሬም አፍ የለሽም?»

ድምፄን አውጥቼ «ይቅርታ» አልኩ፤ ሁሉም ዞሩ። «ያጎበጥኩት እኔ ነኝ። አባቴን እየጠራሁት ነበር።»

ያኔ ድምፄን ከጉድጓድ ውስጥ ሲፈልግ የነበረው አባቴ፣ ዛሬ ጆሮው ደክሞ፣ ከንፈሬን ትኩር ብሎ እያየ ነበር።