አዲሱ ጌም ያልገባበት ቤት

ወሬው እንዲህ ነው፦ ጠልሐ ጌም ቤት አዲስ የኳስ ጌም በገባ ቁጥር፣ መጀመሪያ የከፈተው ልጅ ዓመት ሳይሞላው ከከተማችን ከመካነ ሰላም ይጠፋል።

ወሬው ጎረቤት ከተማ አቀስታ እስኪደርስ መንገድ ላይ ጥሩ ቀለብ አግኝቶ ወፍሯል። እኛ ዘንድ ልጁ «ጠፋ» ብቻ ነበር። አቀስታ ላይ ስክሪኑ በኮሌታው ጎትቶ አስገባው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ያሉትማ ከጠፉት አንዱን፣ ሙእሚንን፣ በዓይናቸው አይተውታል፤ በጌሙ ስታዲየም፣ ከተመልካቹ መሐል፣ እናቱ የሠራችለትን ሹራብ ለብሶ፣ ሳያጨበጭብ ቁጭ ብሎ።

ብርሀንነሽ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከጠልሐ በር ፊት ለፊት የምንውለው ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አናምንም። አንደኛ፣ የተማርን ነን። ሁለተኛ፣ ስታዲየም ውስጥ ብርድ የለም፤ ሹራብ ምን ያደርግለታል? ያም ሆኖ ልጆቻችንን በዚያ በር በኩል መላክ ትተናል። አለማመን ሌላ፣ ጥንቃቄ ሌላ።

ጠልሐ ግማሹን ከተማ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ያስተማሩ ሰው የበኩር ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ቦታቸውን ይይዛል ሲባል፣ ደሴ ሄዶ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን በጋቢ ጠቅልሎ ተመለሰ። እናቱ ቀመር ያኔ ለሳምንት ከጎረቤት ተደብቃ ነበር። ኋላ ግን ልጇ አዛን በተሰማ ቁጥር ጨዋታውን በሙሉ እንደሚያቆም አየችና ልቧ ረጋ። እውነትም ያቆማል። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ የተንደረደረው የዓለም ኮከብ አንድ እግሩን አንስቶ፣ መካነ ሰላም ሰግዶ እስኪመለስ ድረስ በአየር ላይ ይቆያል።

እኛን የገረመን ንግዱ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ያንኑ ኮት በየዓመቱ አዝራሩን ቀይሮ መልሶ ቢሸጥልን ከገበያ እናባርረዋለን። የኳስ ጌሙ ኩባንያ ግን ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ሣሩ ያው፣ ኳሷም ያችው ድቡልቡል፣ አንዱ ተጫዋች ክለብ ቀየረ፣ ሌላው ፀጉሩን ተላጨ ብሎ እንደ አዲስ ያወጣዋል፤ ዓለም ተሰልፎ ይገዛል። እንዴት ነው የሚሳካላቸው ብለን አንድ ቀን ጠልሐን ጠየቅነው።

«ጌም መች ይሸጣሉ?» አለ ጠልሐ፣ ጆይስቲኩን በጨርቅ እየወለወለ። «የሚሸጡት ፍርሃት ነው። ጓደኛህ አዲሱን ይዞ ሲሄድ አንተ ብቻህን እንዳትቀር። እሱ ፍርሃት ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ነው፤ እነሱ ቁጥር ብቻ ይጨምሩበታል።»

ጌም ቤቱ የራሱ ሥርዓት ነበረው። አዲሱ ዲስክ ከደሴ ሲመጣ ጀማው ይሰበሰባል፤ ቀመር ቴምር ታዞራለች፣ ዱአ ይደረጋል፣ አሚን ይባላል። ከዚያ በአሮጌው ጌም የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፈው ልጅ አዲሱን ይከፍታል። አብዱሰላም ከፈተ፤ ዓመት ሳይሞላ ሳዑዲ ገባ፣ አሁን ለዒድ ይደውላል። ቀጥሎ ሙእሚን ከፈተ፤ በጅቡቲ በኩል በባሕር ወጣ። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራል፣ አይነሳም ነበር። ኋላ መጥራቱንም ተወ። ሁለት ልጅ ለአንድ ወሬ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ብክነት ነው።

ዘንድሮ የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፈው ሺፋ ነው። ሺፋ የጠልሐ ብቸኛ ታናሽ ወንድም ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት፣ ጌም ቤቱን ከወንድሙ ጋር የሚሠራ። የመጨረሻዋ ጎል ስትገባ ማንም አልጮኸም። ቤቱ ሙሉ ጎረምሳ ነበር፤ የሚሰማው ግን የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ።

ቀመር ነገሩን ስትሰማ መጣች።

«ጠልሐዬ፣ አዲሱን የሚከፍተው ሺፋ ነው ማለት ነው?»

«ወሬ እኮ ነው፣ እማ።»

«ወሬ መሆኑንማ አውቃለሁ። የሚከፍተው ማነው ነው ያልሁህ።»

ሄደችና ሸኽ ሙሐመድኑርን ይዛ ተመለሰች። ሸኹ ማሽኑን ካላየሁ አልፈርድም ብለው ወንበር ሳቡ፣ ጨዋታ አስከፈቱ፣ በአንድ ሻይ ጊዜ መረባቸው የዓሣ አጥማጅ እስኪመስል ጎል ገባባቸው።

«ይህ ልጅ ማንም ሳይነካው ለምን ይወድቃል?» አሉ።

«ዳኛውን ሊያታልል ነው፣ ሸኽዬ።»

«እንግዲያው መጥፋት ያለበት እሱ ነበር!» ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸው ግን ጆይስቲኩን አስቀመጡና ሺፋን አዩት። «ዕቃ ሰው አይወስድም፣ ቀመር። ልጁን ደህና ሥራ ፈልጉለት።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከተማው ሁሉ ደገመው። ሁለተኛውን የሰማ የለም።

ጠልሐ አዲሱ ጌም ዘንድሮ እንደማይገባ አስታወቀ። ፈርቶ አይደለም፤ መንገዱ ተበላሽቶ ነው። መንገዱ ደህና ነው ሲሉት፣ አሮጌው ይሻላል አለ። ይህን በተናገረ በወሩ ውበቱ የሚባል ነጋዴ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ከፈተ፤ አዲሱን አስገባ፤ ያለ ዱአ፣ ያለ ቴምር። ጎረምሳው እንዳለ ወደዚያ ፈሰሰ። በጠልሐ በር ሲያልፉ ሺፋን እየጠሩ በአሮጌው ጌም ይቀልዱበታል፦

«ሺፋ! እናንተ ቤት አሰልጣኙ ገና አልተባረረም አሉ?»

«ያ በረኛ እኮ ጡረታ ወጥቶ ልጅ ድሯል፤ እናንተ ግን አሁንም ታስወረውሩታላችሁ!»

ሺፋ መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። ኋላ ብቻውን መጫወት ጀመረ፤ ሁለቱንም ጆይስቲክ ይዞ፣ ለሁለቱም ቡድን። በረንዳችን ላይ ሆነን ስናየው፣ ጨዋታው እንኳ እየሄደ ዓይኑ በመስኮቱ በኩል ወደ መናኸሪያው መንገድ ነበር። ጌም ቤቱን እያየ መስሎን ነበር። እዚያ ግን ሚኒባሶችም ይቆማሉ።

«ጋሼ፣ አዲሱን አምጣው» አለው ጠልሐን አንድ ቀን ከሰዓት።

«ምን ጎደለህ?»

«ሁሉም ሄዷል። እኔ ብቻ ቀረሁ።»

«ብትቀርስ? ቀርተህ ብትኖርስ?»

ሺፋ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ጠልሐም ጆይስቲኩን መወልወሉን ቀጠለ። ያ የፍርሃትን ንግድ ያስረዳን ሰው፣ ገዢው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ አላወቀውም።

በገበያ ቀን፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታጮኸው፣ ሺፋ በበረንዳችን አለፈ። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ብርሀንነሽን እጇን ይዞ ጤናዋን ሁለቴ ጠየቃት። ወፍራም ሹራብ ለብሷል።

«የት ነው በዚህ ሙቀት?» አልነው።

«አቀስታ ደርሼ ልመለስ ነው።»

አቀስታማ ብርድ ነው አልንና ወደ ሻያችን ተመለስን። የተማርን ሰዎች ነን፤ መልስ ካገኘን ይበቃናል።

ማታውን አልተመለሰም። በማግስቱም። ጠልሐ ቤት ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው፤ ስክሪኑ ላይ «ሁለተኛ ተጫዋች እየጠበቅሁ ነው» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የሚያጠፋው የለም። የሺፋ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ከቀናት በኋላ መጥራቱን ተወ።

ወሬው ግን አላረፈም። ጠልሐ አዲሱን በድብቅ አስገብቶ ነበር ተባለ፤ ሺፋ በሩን ዘግቶ ከፈተው ተባለ፤ አቀስታ ላይማ ከስክሪኑ ውጭ የቀረችውን ጫማውን ያየ ሰው ተገኘ። በመጨረሻ ብርሀንነሽ አላስችል ብሏት ሻይ ይዛ ተሻገረች፤ እኛም ተከተልናት።

«ጠልሐዬ፣ እንዲያው ለአላህ ብለህ፣ አዲሱን አስገብተህ ነበር እንዴ?»

ጠልሐ ሁለተኛውን ጆይስቲክ እየወለወለ ነበር። ቀና አላለም።

«ወሬው ከላይ እስከ ታች ውሸት ነው» አለ። «እኔ ቤት አዲስ ጌም አልገባም። ሺፋ ምንም አልከፈተም። ጌም ማንንም አልወሰደም፤ አብዱሰላምንም፣ ሙእሚንንም፣ ወንድሜንም።»