ከሙታን ተራ የጻፍኩት ስም

ልጅ ሳለሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርታማችን ውስጥ የጭስ አላርሙ ባትሪ ኖሮት አያውቅም፤ አያቴ ምሽት ላይ ጧፍ ለኩሰው ታሪክ ሲጀምሩ እንዳይጮህባቸው ነቅለውት ነበር። ታሪካቸው ደም አያጣም። የእስጢፋኖስን ውግራት ሲነግሩኝ ድንጋዩን በመዳፋቸው የሚመዝኑ ይመስላሉ፤ ግንባሩ ሲፈነከት፣ ጥርሱ ሲረግፍ ያሳዩኛል። «ይሄኔ ነው እንግዲህ» ይላሉ ቀስ ብለው፣ «ለሚወግሩት የለመነላቸው።» እኔ ግን ያኔ የምወደው ድንጋዩን ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ ከአባቴ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ የሚሠራው ደምሴ፣ የሥራ ሺፍት አጣልቷቸው፣ የአባቴን ጭንቅላት በጎማ መፍቻ ብረት ፈረከሰው። ባዕድ እንዳይመስላችሁ፤ የትንሹ ወንድሜ የክርስትና አባት ነው፤ ገና በፋሲካ ቤታችን ዶሮ በልቷል። ሆስፒታል ስንገባ የአባቴ ፊት አብጦ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ከጆሮው ደም ይወጣል። ደምሴን በጥርሴ ብዘነጥለው ብዬ ተመኘሁ።

የአያቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ፣ እሑድ ቄሱ በጸሎት የሚጠሩትን የስም ወረቀት የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ በቀኝ ሕያዋን፣ በግራ ሙታን፣ ሁሉም በክርስትና ስሙ።

«አባትሽን ጻፊ፣ ኃይለ ማርያም። ቀጥዪ፣ ወልደ ሚካኤል።»

ወልደ ሚካኤል የደምሴ የክርስትና ስም ነው። ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኜ ከሙታን ተራ ጻፍኩት። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመቱት ጧፉ ወደቀ።

«ምነው! ቆሞ የሚሄደውን ሰው ቀበርሽው?»

«አባባ፣ ሂ ዲዘርቭስ ኢት! ይገባዋል፣ ይሙታ!»

«እኔስ አንጀቴ አላረረም? ልጄን እኮ ነው የመታው! ባንቀው ደስታዬ ነው። ለዚህ ነው ስሙን የምጠራው፤ ካልጠራሁት እገድለዋለሁ!» ብለው አለቀሱ።

አዲስ ወረቀት ሰጡኝ። እየተሳደብኩ ከአባቴ ስም ሥር፣ ከሕያዋን ጻፍኩት።

አባቴ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ስሙን ወደ ግራ ያዛወርኩት እኔው ነኝ፤ ደምሴ በቀኝ ቀረ። ያን ቀን አያቴን ጠላኋቸው።

አሁን እሳቸውም በግራ ናቸው፤ ወረቀቱን ዛሬም የምጽፈው እኔ ነኝ። ለሰው መለመን ልብ ያለሰልሳል ይሉኛል፤ የኔ አልለሰለሰም። ባለፈው ወር ደምሴ እስር ቤት ውስጥ በጠና ታሟል ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይየኝ፣ አልዋሽም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መኪናዬ ውስጥ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወልደ ሚካኤልን በቀኝ ጻፍኩና ከጎኑ «እንዲድን» ብዬ ጨመርኩበት።