ከሰው በፊት ዓሣ የገባበት ቤት

ባለፈው ሰሞን ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ካለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገብቼ፣ አፌ ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ጥርሶች ላስመረምር ወረፋ ይዤ እንደተቀመጥኩ፣ ከጀርባዬ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሆዴ መስሎኝ ደንግጬ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንግዳ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ራሴን መጠርጠር ልማዴ ነው። ዞር ስል ግን ግድግዳው ሥር የመስታወት ገንዳ ቆሟል፣ ውስጡ ዓሦች ይዞራሉ፣ ከጥግ ካለች ቀጭን ቱቦ አየር ይፈልቃል። ወዲያው የክሊኒኩ የመድኃኒት ሽታ ጠፍቶ፣ አባዬ መስታወትን ከብረት ጋር ያጣብቅበት የነበረው፣ ዘይት ዘይት የሚለው የስቱኮ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

አባዬ፣ አቶ ደምሴ፣ ነፋስ ስልክ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ መስታወት እየቆረጠ የሚያድር ሰው ነበር። አብዮቱ በፈነዳ ማግስት፣ በበጋው፣ አባዬ የቤቱን መስኮቶች ሁሉ የገጠመለት፣ ሰፈሩ «ሙሴ» እያለ የሚጠራው አንድ ግሪክ ዕቃውን ሸጦ አገሩ ሊገባ ተነሣና፣ ገዢ ያጣላቸውን ዓሦቹን «ደምሴ፣ የፈለግከውን ውሰድ» አለው። ዓሦቹ ማላዊ ከሚባል ሩቅ የአፍሪካ ሐይቅ የመጡ፣ ሲክሊድ የሚባሉ፣ ቀለማቸው ዓይን የሚሰርቅ ነበሩ፤ ሙሴ እንደሚለው የዝዋያችን ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም ሳይቀር ዘመዳቸው ነው። አባዬ ባልዲ አስይዞኝ ሄዶ፣ ገንዳው ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ሰማያዊ ሰማያዊዎቹን ብቻ ይመርጥ ጀመር።

«ደምሴ! አንድ ቀለም ብቻ አይሆንም!» ብሎ ሙሴ ጮኸ። «አንዱ አንዱን ያያል፣ ሚስቴን ሊወስድ መጣ ይላል፣ ጦርነት!»

«ወንድማማች አይደሉም እንዴ?» አለ አባዬ።

«ወንድማማች ስለሆነ ነው እኮ!»

አባዬ፣ ሙሴ አማርኛ ጠፍቶበት ነው ብሎ ሳቀና ሰማያዊዎቹን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ።

በግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት ነበር፤ እኛ የምንኖርበት የጓሮው ጠባብ ቤትና፣ አባዬ ከዓመት ዓመት ላቡን አፍስሶ የጨረሰው፣ ሰፊ ሳሎን ያለው የፊቱ ቤት። አባዬ ገንዳውን የሠራው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ብረቱን እዚያው አስበይዶ፣ ወፍራሙን የሱቅ መስታወት እዚያው ቆርጦ፣ በስቱኮ ግጥም አድርጎት ሲያበቃ፣ እማዬ ከመስኮት ውጪ ቆማ በሩንና ገንዳውን በዓይኗ ለክታ «ኧረ ደምሴ፣ ይሄ ነገር በየት በኩል ሊወጣ ነው?» አለችው። «ለምን ብሎ ይወጣል?» አላት። እሷ ደግሞ ቤቱ ሳይመረቅ እግሬን አላስገባም ባይ ነበረች፤ የምንጃር ዘመዶቿ አዝመራቸውን ሰብስበው መጥተው፣ ሳሎኑን ሞልተው ተቀምጠው፣ በልተው ጠጥተው ካልመረቁት አይሆንም ብላ፣ ዘመዶቿም ዛሬ ነገ እያሉ ቆይተው፣ ቤቱ ሰው ሳይገባበት ዓሣ ገባበት።

ሰማያዊዎቹም ብዙ ሳይቆዩ እርስ በርስ ተቦጫጭቀው ክንፋቸው ጨርቅ መሰለ። አባዬ ጆሮውን እያከከ ወደ ሙሴ ተመልሶ፣ በዚህኛው ዙር የተባለውን ሰማ፤ ከየቀለሙ ወንዱን አንድ ብቻ፣ ሴቶቹን በዛ አድርጎ፣ ቢጫውንም ባለ ዥንጉርጉሩንም ቀላቅሎ መረጠ። ሙሴ የመጨረሻ ምክሩን የሰጠው ያን ቀን ነው። «አዲስ ዓሣ ሲገባ ድንጋዩን ሁሉ አውጣ፣ ሌላ ዓይነት ደርድር። ያኔ ሁሉም እንግዳ ነው፣ የኔ ቤት የሚል የለም።» ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ ያኔ እርሻ ወደነበረው ላፍቶ ወርደን ከወንዙ ድንጋይ እንለቅም ነበር። እኔ ትልቁን ካልተሸከምኩ ብዬ ፎክሬ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስዝለፈለፍ፣ አባዬ ድንጋዩንም ፎካሪውንም ተሸክሞ ይመለስ ነበር። ከዓሦቹ ሁሉ ጉልበተኛውን ባለ ዥንጉርጉር ወንድ «ዲሬክተሩ» ብዬ ሰይሜው ነበር፤ ለምን እንደሆነ በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያውቃል።

ክረምቱ ሲገባ የትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ። የቀበሌ ሰዎች ጭቃ በጭቃ ሆነው ግቢያችን ገብተው፣ የጓሮውን ቤት አይተው፣ ወደ ፊቱ ቤት ዘለቁና ሳሎኑን አዩ። ዕቃ የለም፣ አልጋ የለም፤ ገንዳው ብቻ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

«እዚህ ማን ነው የሚኖረው?» አለ አንደኛው።

አባዬ መዋሸት የማያውቅበት ሰው ነበር። «ለጊዜው ዓሦቹ» አለ።

አንደኛው ሊስቅ ብሎ ጓደኛውን አየና ተወው። ጓደኛው «ዓሣ ነዋሪ አይባልም፣ ጓድ» ብሎ ወጣ። የፊቱ ቤት ትርፍ ሆነ። እማዬ ያን ቀን ጓሮ ቁጭ ብላ፣ ካሮት እየፋቀች፣ «እኔ ነኝ፣ ምርቃት ምርቃት ያልኩት እኔ ነኝ» ስትል ሰማኋት፤ ካሮቱ እስኪያልቅ ድረስ ፋቀችው።

መስከረም ላይ ቤቱ ለአቶ ሸምሱና ለባለቤቱ ለእትዬ ዘይነባ ተሰጠ። ከስልጤ አገር መጥተው መርካቶ ጨርቅ እየነገዱ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው በኪራይ ቤት ሲንከራተቱ የኖሩ ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ለእማዬ በቀለላት። እማዬ «ከዚያ ቤት ደፍ አላልፍም» ብላ ማለች፣ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ለፊቱ ቤት ጀርባዋን ትሰጥ ነበር። አባዬ ግን ገንዳው በበሩ አያልፍ፣ ዓሦቹን ጥሎ አይተው፣ በየማለዳው ራሱ ከገጠመው በር ፊት ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ቤቶች!» እያለ ይጣራ ነበር። እትዬ ዘይነባ «ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ምን ደጅ ያስቆምዎታል!» ስትለው ጫማውን አውልቆ ይገባና፣ የውኃውን ሙቀት በጣቱ ለክቶ፣ የእንቁላል አስኳል ፈርፍሮላቸው፣ እንደ እንግዳ አመስግኖ ይወጣል። ወደ ጓሮ ሲመለስ ባርኔጣውን ራሱ ላይ ማድረግ ይረሳ ነበር።

ጥር ላይ አቶ ሸምሱ ከዝዋይ ሲመለስ፣ አባዬን ደስ ሊያሰኝ ብሎ፣ በጀሪካን ነፍሷ ያልወጣ ቆሮሶ ይዞ መጥቶ ገንዳው ውስጥ ለቀቃት።

«ዘመዳቸው ነው ብለውኝ የለም እንዴ፣ ጋሽ ደምሴ! ይኸው ዘመድ መጣላቸው።»

አባዬ ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ትዝ ብሎት ይመስለኛል። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ድንጋዩን ያወጣ ጀመር፣ አቶ ሸምሱም ኮቱን ጥሎ አገዘው፤ ሁለቱ እስከ ብብታቸው ርሰው ድንጋዩን አዲስ አድርገው ደረደሩት። «እንግዲህ ሁላችንም አዲስ ገቢ ነን» አለ አቶ ሸምሱ። ለጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ። ቆሮሶዋ ግን ምግቡ ተስማምቷት አደገችና ሌሎቹን ትነክስ፣ ዲሬክተሩን ሳይቀር ጥግ ታሲዝ ጀመር። አባዬ ይቅርታ እየጠየቀ በባልዲ አወጣት።

«እኔንም አንድ ቀን እንዲህ በባልዲ ሊያስወጡኝ ነው?» አለ አቶ ሸምሱ። አፉ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

«አንተማ በበሩ ታልፋለህ፣ ሸምሱ። የማያልፈው የኔ ገንዳ ነው።»

እትዬ ዘይነባ ቆሮሶዋን ጠበሰቻት። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ባይቀላቀልም ዓሣ ባራኪ አይጠይቅምና፣ ይህቺን እንኳ አብረን እንብላ ብላ ለእማዬ በሳህን ላከች። እማዬ ክዳኑን ሳትከፍት መለሰችው። ሳይነካ ተመለሰ እንዳልል መላሹ እኔ ነበርኩ።

በበልግ ቢጫዋ ሴት ዓሣ መብላት አቆመች፣ አገጯም አበጠ። አባዬ ታመመች ብሎ ሲጨነቅ፣ እትዬ ዘይነባ ልጇን እንዳዘለች መስታወቱን ተጠግታ ቆይታ፣ «ጋሼ! አፏ ውስጥ ዓይን አየሁ!» አለች። እውነትም እነዚህ ዓሦች እንቁላላቸውን በአፋቸው ይዘው እዚያው የሚፈለፍሉ፣ ልጆቻቸውን እስኪለቁ ድረስም እህል የማይቀምሱ ኖረዋል። አባዬ የዚያን ዕለት እንደ ልጅ እየተፍለቀለቀ መጥቶ ለእማዬ ነገራት። «ማን ነው ያየው?» አለችው። «ዘይነባ» ሲላት ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ሐምሌ ላይ አባዬን ሳል ጣለው። ከአልጋው ሆኖ «ሂድ፣ አይተሃቸው ና» እያለ ይልከኛል፣ እኔም ተመልሼ «ቢጫዋ ደግሞ አፏን ሞልታለች፣ ዲሬክተሩም ይማታል» እለዋለሁ፤ ሊስቅ ሲል ሳሉ ይቀድመው ነበር። አንድ ቀን ወሬዬን ይዤ ስመለስ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ለለቅሶው የተተከለውን ድንኳን ዝናቡ አላስቆም አለው፣ የጓሮው ቤት ደግሞ ከእኛ ሌላ ሰው አይዝም። አቶ ሸምሱ ሳይጠየቅ አልጋውንም የጨርቅ ጥቅሉንም ከሳሎኑ አውጥቶ ዝናብ ላይ ከመረና «ጋሽ ደምሴ በሠሩት ቤት ይለቀስላቸው» አለ። እማዬ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ያን ደፍ ያለፈችው እንደዚያ ነው። የምንጃር ዘመዶቻችንም መጡ። እማዬ ለምርቃቱ እንዳሰበችው ሳሎኑን ዙሪያውን ሞልተው ተቀመጡ፤ የጎደለ ሰው ቢኖር አንድ ነበር። ለቅሶው ጋብ ሲል የገንዳው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድ አጎቴ «ይሄን የሚንተከተክ ነገር አጥፉት» ቢሉ፣ አቶ ሸምሱ «እሱ ከጠፋማ እነሱም ይሞታሉ፣ አባቴ» አላቸው።

እማዬ እህል አልቀምስ አለች። ዘመዶቿ ለመኗት፣ ተቆጧት፤ አንገቷን ደፍታ ቀረች። በኋላ እትዬ ዘይነባ ሽሮ በእንጀራ ይዛ መጥታ ፊቷ በርከክ አለች።

«እትዬ የሺ፣ ያቺን ቢጫዋን ይዩአት። እሷም ይኸው አልበላችም። እሷ ግን ልጆቿ አፏ ውስጥ ስላሉ ነው። የእርስዎ ልጅ ይኸውና ከአፍዎ ውጪ ነው፣ ንፍጡን እንኳ የሚጠርግለት አጥቶ። በሉ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

እማዬ ቀና ብላ ዓሣዋን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። አፏን ከፈተች። ከእትዬ ዘይነባ እጅ የጎረሰችው ሳይዋጥላት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው።

ክረምቱ ሲያልቅ በድንጋዮቹ መካከል የጤፍ ያህል ቢጫ ነገሮች ይርመሰመሱ ጀመር። እማዬም በየማለዳው የአባዬ ባርኔጣ በሌለበት በር ፊት ቆማ «ቤቶች!» እያለች ትጣራ ነበር። ከዓመታት በኋላ የአየሩ ሞተር ተቃጥሎ፣ መለዋወጫው ከከተማው ጠፍቶ፣ ዓሦቹ በየተራ አለቁ፤ እትዬ ዘይነባም ገንዳውን ሽንኩርት አስቀመጠችበት። እሱም ቢሆን በበሩ ሳይወጣ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ግቢው ለፎቅ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ።

ዛሬ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ በሬ የኔ ነው፣ የጎረቤቴም በር የራሱ ነው፣ ስሙን ግን አላውቀውም፤ እሱም እኔን የሚያውቀኝ በሳሌ ይመስለኛል። የማንንም ደጅ አልጠናም፣ «ቤቶች!» ብዬም አልጣራም፤ ብጣራስ ማን አቤት ይለኛል። የክሊኒኩን ገንዳ ተጠግቼ ሳየው ዓሦቹ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው፣ ክንፋቸው ጨርቅ ሆኗል። ለተራ አስጠባቂዋ ልጅ «ልጄ፣ እነዚህ አንድ ላይ አይሆኑም፤ ቢያንስ ድንጋዩን አውጥታችሁ እንደገና ደርድሩላቸው» አልኳት።

«እሺ አባባ፣ ተራዎ ደርሷል» አለችኝ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

ገብቼ ተጋደምኩ። ሐኪሙ፣ የልጅ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ፣ መብራቱን ፊቴ ላይ አበራና «አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ። ይዤው የኖርኩት ነገር እንዳይበተንብኝ የፈራሁ ይመስል ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ ከፈትኩለት፤ ብዙም የሚያየው አላገኘም።