ሳነቴ ላይ የዘገየው ልብ

ሮቤ፣ ንጋት

ስንነሳ ጋሪዎቹ ገና ከጉም ውስጥ እየወጡ ነው፤ ፈረሱ ሳይታይ ኮቴው ይሰማል። ሦስት ነን፦ ሾፌሩ ኦቦ ከድር፣ የገብስ ዝርያ ልታጠና ከቦሊቪያ የመጣችው ኤሌና፣ እና እኔ፣ እዚህ ነርሶችን የማስተምር የጎንደር ልጅ። የሳነቴን አምባ ላሳያት ነው።

ጎባ፣ ቁርስ

ትኩስ ጨጨብሳ ቀረበልን። ኤሌና ጉርሻውን ሁሉ በውሃ ታወርዳለች።

«አልጣፈጠሽም?»

«ይጣፍጣል። ግን ደረቴ ላይ ይቆምብኛል፤ ከጀመረኝ ከርሟል።»

ሳነቴ

የአስታው ጫካ አልቆ ሜዳው ላይ ስንወጣ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች በጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆመዋል። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ቆሞ ያየናል። ኤሌና ፎቶ ልታነሳ ወረደችና ጥቂት ራመድ እንዳለች ያለ ድምፅ ወደቀች።

«ያ ረቢ! ከፍታው ነው» አሉ ኦቦ ከድር።

ኤሌና ዓይኗን ገለጠች። «ከፍታ አይደለም። ተራራ ላይ ነው ያደግኩት።»

የእጇን አንጓ ያዝኩ። አንድ ምት። ዝምታ። ሌላ ምት። ከዚያ የማያልቅ የመሰለኝ ዝምታ።

ቻጋስ የሚባለውን በሽታ የማውቀው ከትምህርት ቤት ነው፤ በደቡብ አሜሪካ እንጂ እኛ አገር ስለሌለ ነካ አድርገን አልፈነው ነበር። ልብን ያዘገያል፣ የምግብ ቧንቧን ያደክማል። ሲጀምር ግን አንዳንዱን ሰው አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳብጠዋል።

«ልጅ ሳለሽ አንድ ዓይንሽ ብቻ አብጦ ያውቃል?»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ማን ነገረሽ?»

የአያቷ ቤት የጭቃ ነበር አለችኝ። ሲመሽ ከግድግዳው ስንጥቅ ትልቅ ትኋን የሚመስል ነገር እየወጣ የተኛ ሰው ፊት ይነክሳል። የዓይኗ እብጠት ጠፋ፣ ተረሳ። እዚያው ቤት ያደገው ወንድሟ ግን ጎልማሳ ሆኖ፣ ኳስ ሲጫወት ድንገት ወድቆ ሞተ።

ከዚያ ተባይ የያዛት በሽታ ይህን ሁሉ ዘመን ውስጧ ተኝቶ ነበር።

ጎባ፣ እንደገና

የሆስፒታሉ ተረኛ ሐኪም የልቧን ምት በኢሲጂ መሣሪያ አይቶ «አሁኑኑ አዲስ አበባ» አለ። የጠረጠርኩትን ነግሬያት ነበር፤ አምቡላንሱ ሳይነሳ እጄን ያዘች።

«ልጅ አለችኝ። ከእናት ይተላለፋል?»

መዋሸት አቃተኝ። «ሊተላለፍ ይችላል።»

ሮቤ

እኔና ኦቦ ከድር ብቻ ተመለስን።

አዲስ አበባ ላይ ልቧን የሚያግዝ መሣሪያ ተገጠመላት። አገሯ ገብታ ያደረገችው የደም ምርመራ ቻጋስ መሆኑን አረጋገጠ። ትናንት ደወለች።

«ልጄም ላይ ተገኘ» አለች። «ግን ገና ልጅ ስለሆነች መድኃኒቱ ሊያድናት ይችላል ብሏል ሐኪሟ። የመጀመሪያውን ክኒን ዛሬ ጠዋት ዋጠች።»