የጫምሳ አንድ ስንዝር ክፍተት

ጫምሳ ወዬሳ አዳማ ውስጥ የባጃጅ ቦዲ ሲቀጠቅጥ ያረጀ ሰው ነው። ዛሬም እዚያው ጋራዥ ተመልሷል፤ ቀኝ ዓይኑን ግን ይዞ አልተመለሰም። መሃል ላይ ያሉትን ሰባት ዓመታት አንድ የምርምር ተቋም በላቸው። ስሙን አልጠራም፤ ደጃፉ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ በቀር የሚጠራ ነገር የለውም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከምድር በላይ የሮኬት ስብርባሪ ከጥይት በፈጠነ ሩጫ ይዞራል፤ ሳተላይት ካገኘ ይበሳል። ወፍራም ብረት እንዳያለብሱት ይከብዳል። ስለዚህ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ከፊት፣ ቀጥሎ ክፍተት፣ ከዚያ ሌላ ላሜራ ይደረጋል። ስብርባሪው የፊተኛውን ሲመታ ይደቅቃል፤ ክፍተቱ ውስጥ ይበተናል፤ ኋለኛው ላይ እንደ አሸዋ ይረግፋል። ጫምሳ በአየር ግፊት መተኮሻ የመስታወት ብይ እየተኮሰ፣ ክፍተቱን ሲያሰፋና ሲያጠብብ ኖሮ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ። ኋለኛው ላሜራ አልተበሳም። ዶክተሮቹ ጽሑፍ ጻፉበት፤ እሱ ግርጌ ላይ "ረዳት" ተባለ።

አንድ ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ይህ የላሜራ መከላከያ በፊታቸው ብዩን ከቻለ ለዋናው ሙከራ ውጭ አገር ይላካል፤ ካልቻለ የሥራ ክፍሉ ይዘጋል። ጫምሳ ቅዳሜ ሁሉን አሰናድቶ ወለንጪቲ የአጎቱ ለቅሶ ሄደ።

እሑድ ኃላፊው አቶ ኢሊያስ ግቢውን ሊያሳምሩ መጡ። አበባ አስደረደሩ፤ ድንጋዩን ሁሉ ኖራ አስቀቡ። ከዚያ ዓይናቸው መከላከያው ላይ ወደቀ።

"ይሄ ደግሞ ምን ያዛጋል?" አሉ የዕቃ ቤቷን ሑስናን።

"ክፍተቱ ነው፣ አቶ ኢሊያስ። ኦቦ ጫምሳ እንዳይነካ ብለዋል።"

"ያላለቀ ሥራ ለእንግዳ አይቀርብም!"

ላሜራዎቹን አራርቀው የያዙት ቱቦዎች ተነቀሉ። ሁለቱ ተጣብቀው በቡሎን ታሰሩ፤ ሰማያዊ ቀለምም ጠጡ። የሰባት ዓመት ልፋት በግማሽ ቀን አማረበት።

ሰኞ ጫምሳ ከለቅሶ ሲደርስ እንግዶቹ የመተኮሻውን ክፍል ከሚያሳየው መስታወት ወዲህ ተቀምጠዋል፤ መተኮሻው ግፊት ሞልቷል።

"አቶ ኢሊያስ፣ ምን አደረጋችሁት?"

"አሳመርነው። ቀስ ብለህ አውራ።"

"ክፍተቱ እኮ ነው የሚከላከለው! ይበሳል!"

"ባዶ ነገር ምን ይከላከላል? በሰው ፊት አታዋርደኝ።"

ስንት ዓመት ባዶነታቸው ወንበራቸውን ሲከላከልላቸው የኖረ ሰው ናቸው ይህን የሚሉት።

ጫምሳ መፍቻ ይዞ ወደ መተኮሻው ክፍል ሮጠ፤ ከመከላከያው ኋላ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ቡሎን ያዘ። አቶ ኢሊያስ ግን ፊታቸውን ጉብኝቱን ወደሚቀርፀው ካሜራ አዙረዋል። ወደ ክፍሉ ሳያዩ የመተኮሻውን ቁልፍ ተጫኑ። ብዩ የተጣበቁትን ላሜራዎች በስቶ ሲወጣ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ቅራፊ የጫምሳ ዓይን ውስጥ ገባች።

ሪፖርቱ "ጉብኝቱ በስኬት ተጠናቋል" ይላል። ለአበባው አንድ ሙሉ አንቀጽ ተሰጥቶታል። ከታች፦ መከላከያው ጥራት ስለጎደለውና ረዳቱ የጥንቃቄ መመሪያ ስለጣሰ የሥራ ክፍሉ ታጥፏል።

ባለፈው ወር ሑስና በሻሽ የጠቀለለችው ነገር ይዛ ጋራዡ መጣች። የድሮው ሙከራ ኋለኛ ላሜራ ነበር። ጫምሳ በአውራ ጣቱ ጀርባውን ዳበሰው። ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፤ ቀዳዳ የለውም።

"ማስረጃ ነው፣ ኦቦ ጫምሳ። ይያዙት።"

"ለማን ላሳየው?"

ጫምሳ ላሜራውን መልሶ በሻሿ ጠቀለለው።

"ውሰጂው፣ ልጄ። ከዕቃ ቤት ጎደለ ብለው ነገ ደግሞ አንቺን ይይዙሻል።"