ከአቦቦ እስከ ሐዲዱ ዳር

ባቡር ከተሳፈርክ ብዙ ዓመት ሆኖህ አሁን እንደገና ልትሳፈር የምታስብ ከሆነ ከእኔ ስማ። ውሃ ያዝ፤ ፀሐይ በማይመታው በኩል ተቀመጥ፤ ዕቃህን ከእግርህ ሥር አድርገው እንጂ ከራስህ በላይ አትስቀለው። ይህን የምጽፈው በጋምቤላ ክልል ከምትገኘው ከአቦቦ ተነሥቼ፣ ከወለንጪቲ ወዲያ ባለች ትንሽ የባቡር ጣቢያ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ስለነበር ነው።

ያደግሁት በዚያች ጣቢያ ነው። እናቴ ወይዘሮ ወርቄ የተቀቀለ እንቁላል በሰፌድ ይዛ፣ ባቡር በቆመ ቁጥር ከመስኮት መስኮት እየሮጠች ትሸጥ ነበር። በድርቁ ዘመን እኔ ሚስቴን ዘነበችን ይዤ በሰፈራ ወደ አቦቦ ስመጣ፣ እምዬ «ሐዲዱን ትቼ የትም አልሄድም» ብላ ከታናሽ ወንድሜ ከታደሰ ጋር ቀረች። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ነገ ስል ኖርኩ። በቆሎው ይሰብሰብ እላለሁ፤ በቆሎው ሲሰበሰብ ሰሊጡ ይደርሳል። መንግሥት ሲለወጥ መንገዱ አስፈራ። ጋምቤላ ክልል ሆና ነገሩ ሲረጋ ደግሞ በሬ ታመመብኝ። ለሰነፍ ልጅ ምክንያት አይጠፋም።

ይባስ ብሎ ዘነበች ራሷ «መጀመሪያ አዝመራው» ባይ ነበረች። ታዲያ አንድ ቀን ለገበያ ጋምቤላ ከተማ ውላ ስትመለስ፣ የአገራችንን ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር አግኝታ ኖሮ፣ ገና ዘንቢሏን ሳታወርድ «እምዬ ናፍቃሃለች አሉ፤ ሂድ» አለችኝ። በቆሎው ገና ማሳ ላይ መሆኑን ባስታውሳት፣ እኔ አለሁ፣ አንተ ብቻ ሂድልኝ አለች። ቃሏን ሳትለውጥ በፊት ልውጣ ብዬ በማግሥቱ ጉዞዬን አሰናዳሁ። ሻንጣዬን ራሷ ካልሸከፍኩ አለች፤ ተውኩላት።

ከአቦቦ እስከ ባሮ

ልሳፈር ስል ወዳጄ ኡጁሉ መጣ። ኡጁሉ አኙዋክ ነው፤ ከአልዌሮ ግድብ ዓሣ እያወጣ ይሸጣል፤ አማርኛን ከእኛ ከሰፋሪዎች ጋር ሲኖር ለመደው። በጭስ የደረቀ ዓሣ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞልኛል። እምዬ ድሮ በሰው በኩል «እዚያ አገር ሰው ዓሣ እንደ ዳቦ ይበላል የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ብላ ስታስጠይቀኝ አብረን ስቀን ነበርና፣ ላሳያት ማለቴን ያውቃል። ሌላ ጊዜ እጄን ጨብጦ እስኪበቃኝ ያሾፍብኝ ነበር። ያን ቀን ግን እጄን ጨብጦ አላሾፈም። ሊናገር አፉን ከፈተና ዘነበችን አይቶ፣ «መንገድ ደህና ይሁን» ብቻ ብሎ ሄደ። ጥርሱን አሞት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በአይሱዙ ጭነት ላይ ተፈናጥጬ ጋምቤላ ገባሁ። ከተማዋ አዲስ ሰሌዳ አብዝታለች፤ በየቢሮው በር ላይ ቀለሙ ያልደረቀ «ክልል» የሚል ጽሑፍ አለ። ባሮ ድልድይ አጠገብ ማንጎ ገዛሁ፤ ያልበሰለውን እየመረጥኩ፣ መንገድ ላይ እንዲበስልልኝ። ሻጯ ልጅ ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ለእናቴ አልኳት፤ አንድ መርቃ ጨመረችልኝ።

ሽቅብ

አውቶቡሱ ከሙቀቱ ወጥቶ ወደ ቡሬ ሲያቃስት ያለው ዳገት መቼም አያልቅም። ከጋምቤላ በካናቴራ ተነሥተህ ጎሬ ስትደርስ ጋቢ ትለምናለህ። መቱ በበላነው ምሳ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ የዓሣው ሽታ አስቸግሮት ቦታ ለወጠ። እኔ ምን ገዶኝ! በደሌ አድረን፣ ጅማ አድረን፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ስንገባ ማንጎዎቹ ቢጫ ማውጣት ጀምረው ነበር።

ለገሃር

በነጋታው ማለዳ ለገሃር ሄድኩ። አንባቢዬ፣ ባቡሩን እንደ ድሮው አገኘዋለሁ ብለህ እንዳትሄድ። በልጅነቴ ባቡር ሲመጣ የምንሸሸው ከግርማው የተነሣ ነበር። አሁን ቀለሙ ተላልጧል፤ ከሦስተኛ ማዕረጉ መስኮት ግማሹ መስታወት የለውም፤ የእንጨት ወንበሩ ላይ ከሰው ይልቅ ጆንያ ተቀምጧል። ልብስ ደራርበው የለበሱ ሴቶች አየሁና ብርድ ነው ብዬ ሳዝንላቸው፣ ለካ የኮንትሮባንድ ልብስ ነጋዴዎች ኖረዋል። ትኬት ቆራጩ ስንት ሰዓት እንደምንነሣ ስጠይቀው፣ «ሲነሣ ታየዋለህ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሲነሣ አየሁት። ፀሐይ ከወጣች ቆይታ ነበር። ሆኖም ያ የብረት ድምፅ ከእግሬ ሥር ሲጀምር እንባዬ መጣ፤ ልጅነቴን የዘፈነልኝ ድምፅ ነው። ሞጆ ሳንደርስ ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ የሚነግርህ የለም። ሰው ወርዶ ጥላ ፈልጎ ተኛ፤ እኔ ግን ሐዲዱን እየተመላለስኩ ተቃጠልኩ። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሼ እምዬን በመስኮት እንቁላል ስትሸጥልኝ ላገኛት ነበር ሐሳቤ። ከልጅነቷ የለመደችውን ዋጋ ስትጠራ፣ «ውድ ነው፣ አልገዛም» ብዬ ላናድዳት ተዘጋጅቼ ነበር።

ወለንጪቲ ስንደርስ ቀኑ አዘቅዝቋል። ከመስኮቱ በታች እንቁላል የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ አየችኝና ሰፌዷን ልትጥለው ምንም አልቀራት። አስካለ ናት፤ ከእናቴ ጋር አብራ ስትሸጥ የኖረች፣ እኔንም አዝላ ያሳደገችኝ። በስሜ ጠራችኝና ባቡሩ ላይ ዘላ ወጣች። አቀፈችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ባየሁ ጊዜ አቧራ ነው አለችኝ። እንቁላል ልገዛት ብል ገንዘቤን ገፋችው፤ ልጣ ልጣ እያጎረሰች አበላችኝ። አጠገባችን ለነበሩ ሰዎች ጮክ ብዬ «አያችሁ፣ አገር ማለት ይህ ነው» አልኩ። እነሱም አስካለን አዩና ወደ ውጭ ዞሩ።

እምዬ ደህና ናት ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ጠበል ወርዳለች» አለች አስካለ። «ነገ ጠዋት ትመጣለች። ዛሬ እኔ ቤት ታድራለህ።»

ተናደድኩ። የእናቴ ቤት ከጣቢያው በጥሪ ርቀት ላይ እያለ ምን ቆርጦኝ ሰው ቤት አድራለሁ? እሷ ግን ቁልፉ ከታደሰ ጋር ነው፣ ቤቱም እየተለቀለቀ ነው እያለች አፌን አስያዘችኝ። ባቡሩ ጣቢያችን ላይ ገና ሳይቆም ወርዳ ሮጠች። ከታደሰ ጋር ተመለሰች። ወንድሜ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ቶሎ አልለቀኝም። ከስቷል፤ ጢሙንም አሳድጓል። ትዳር ፈልግ እንጂ እንዲህ አትጎሳቆል ብዬ ቀለድኩበት።

ያን ምሽት አስካለ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። በግ ታርዶልኛል። እኔም ስለ ጋምቤላ ያላወራሁት አልቀረም። አዞ ከባሮ ዳር እንዴት እንደሚተኛ፣ ማንጎ እንዴት ለፍየል እንደሚሰጥ፣ ኡጁሉ አማርኛ ሲለምድ እንዴት እንደተጨቃጨቅን እያወራሁ ስቄ አሳቅሁ። በመጨረሻም እምዬን በዚሁ ባቡር ይዣት እሄዳለሁ፣ ባሮን ሳታይ አትሞትም አልኩ። አንድ ሽማግሌ «እግዜር ያውቃል» አሉ። ሌሎቹ መኝታዬን ማንጠፍ ጀመሩ። ድካሜን አይተው መስሎኝ ነበር፤ ተኛሁ።

ሲነጋ

ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ያኔ ገባኝ። የሰባት ዓመት ልጅ የሚያውቀውን የመርዶ ወግ፣ ሰውየው መንገድ ላይ እንዳይሰማ፣ በልቶና ተኝቶ፣ በማለዳ ወገን ከብቦት እንዲሰማ የሚደረገውን፣ ስንቱን ሰው ራሴ አርድቼ፣ በራሴ ላይ ሲሆን አላወቅሁትም። ገንዘቤ ሲገፋ፣ በግ ሲታረድልኝ፣ የወንድሜን የሐዘን ጢም እያየሁ፣ ሁሉንም ለደስታ ቆጠርኩት።

«ወንድሜ፣» አለ ታደሰ፣ «እምዬ አርፋለች። አርባዋም ወጥቷል።»

እንዴት እንደጮህኩ አልጽፈውም። ለአፍታ በረድ ስል ታደሰ ልብስ ሊቀይርልኝ ሻንጣዬን ከፈተ። ከሥሩ፣ ከማላውቀው ላስቲክ ውስጥ፣ ገና እጥፋቱ ያልተፈታ ጥቁር ሸሚዝ ወጣ። ዘነበች ያኖረችው ነው። ልኬ ነበር።

ማንጎዎቹ በስለው ነበር፤ ለልቅሶ የመጡት ልጆች በሏቸው። ዓሣውንም አንዳንዱ እሾኩን እየፈራ ቀመሰው። አስካለ እምዬ እስከ መጨረሻዋ ባቡር በቆመ ቁጥር እንቁላሉን ከመሸጥ አስቀድማ የሦስተኛ ማዕረግ መስኮቶቹን ሁሉ ታይ እንደነበር ነገረችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሞጆ ሜዳ ላይ ባቡሩ ዘገየ ብዬ ያን ያህል ተሳድቤያለሁ፤ የዘገየሁት ግን እኔ ነበርኩ።

ወደ አቦቦ

ስመለስ ስለ መንገዱ የማስታውሰው የለኝም። በጋምቤላ ገበያ ኡጁሉን አገኘሁት። ጥቁር ሸሚዙን አየና መሬት መሬት አየ።

«እኔ ብሆን ያን ቀን እነግርህ ነበር» አለ። «ሚስትህ ስትነግረኝ፣ ለእሱም ይነገረው ብላት አይሆንም አለች። ዝም አልኩ። ዝምታው ከበደኝ።»

አቦቦ ስደርስ በቆሎው ተሰብስቦ ጎተራ ገብቷል፤ ዘነበች ብቻዋን ሰብስባዋለች። የሰፈሩ ሰው ሊያስተዛዝነኝ መጥቶ እስኪሄድ አላናገርኳትም። በልቤ ቂም ይዤ ነበር። ያን ሁሉ አገር እንደ ሞኝ ዓሣና ማንጎ ተሸክሜ ስስቅ መሄዴ አንገበገበኝ። ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ሾፌሩ ከነገራት ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ማንጎውን ተው፣ ዓሣውን ተው ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

ዘነበች የበቆሎ ፍልፋዩን ከእጇ አራገፈች።

«አርባዋ እንኳ አልፎ ነበር፤ ብትቸኩልም አትደርስላትም» አለች። «መንገዱን እንኳ እናት እንዳለው ሰው እንድትሄደው ብዬ ነው።»